የጋሽ ኢድሪስ ሰማያዊ ኮት

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ መተማ ላይ ሰው የሚለብሰው ሙቀቱን አስቦ ነው። ስስ ሸሚዝና ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ያደርጋል? ታዲያ በዚያ ሐሩር ኮት የሚሸጥ ሰው ነበረ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ነበረ! ጋሽ ኢድሪስ ይባላሉ። ዱካናቸው፣ ሱቃቸውን ማለቴ ነው፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነበር፣ እና እኔ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የሱሪ እግር አሳጥር ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ በወጣትነታቸው ካርቱም ውስጥ አንድ አሜሪካዊ መምህር ቤት ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ ናቸው፣ እና ያ የመምህሩ አለባበስ ልባቸው ውስጥ ቀረ። ወርቅማ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ኮት፣ የኮሌታው ጫፍ በቁልፍ የሚያዝ ሸሚዝ፣ የካኪ ሱሪ፣ ባለ መስመር ከረባት፣ ማሰሪያ የሌለው የቆዳ ጫማ። ሌላ አይሸጡም። ከሱዳን በጋላባት በኩል ያስመጡታል፣ መምህራኑና የጤና ጣቢያ ሠራተኞቹ ይገዙታል።

«አበዛሽ፣» ይሉኛል በስሜ፣ «ይህን ኮት የለበሰን ሰው ማንም ከየት መጣህ አይለውም።»

«ኧረ ጋሽ ኢድሪስ፣ በዚህ ሙቀት!» እላለሁ።

ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው፣ እና ካድሬው እየመጣ፣ ድምፁን እንዲህ ወፈር አድርጎ፣ «ጓድ ኢድሪስ፣ ይህ የኢምፔሪያሊስት ልብስ ነው!» ይላቸዋል። እሳቸው ጨርቁን ዳሰስ ያደርጉና፣ «ጓድ፣ ጥጥ ነው እኮ» ይሉታል። እንዲያ እያሉ ኖሩ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ የሰሊጥ አጨዳው ያለቀ ሰሞን፣ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከጎጃም ወርደው ኮኪት ሰሊጥ ሲያጭዱ የከረሙ ናቸው፤ ትልቁ ዋለ፣ ታናሹ አንለይ። አገራቸው ሊገቡ ነው፣ እና ለአባታቸው ሸሚዝ ፈልገው ነው። የአንለይ ዓይን ግን ኮቱ ላይ ቀረ።

«ልንካው?» አለ።

«ምን መንካት ነው፣ ልበሰው እንጂ!» አሉና ጋሽ ኢድሪስ ሸሚዙንም፣ ሱሪውንም፣ ኮቱንም፣ ጫማውንም አለበሱት። ልጁ መስታወቱ ፊት ቆሞ ዞር ዞር እያለ ራሱን አየ። ወንድሙ፣ «ውይ አንለይ፣ ዳኛ መሰልህ!» ብሎ ሳቀ።

ገና ስቆ ሳይጨርስ ከገበያው በኩል ጩኸት ተነሣ። አፈሳ! ያኔ ወጣቱን ከመንገድ እየለቀሙ ለውትድርና ይጭኑት ነበር፤ እናንተ አልደረሳችሁበትም፣ እንኳንም አልደረሳችሁበት። ወታደሮቹ ሱቅ ለሱቅ እየገቡ ነው። አንለይ ደንግጦ ኮቱን ሊያወልቅ ሲል ጋሽ ኢድሪስ እጁን ያዙት።

«እንዳታወልቅ! አንተ አሁን የእህቴ ልጅ ነህ፣ አስተማሪ ነህ። ቤቴ ድረስ አብረን እንሄዳለን፣ ቀስ ብለህ ተራመድ።»

ለዋለም ሌላ ኮት አወረዱለት፣ እና ኮቱ ገባ። ጫማው ነው እምቢ ያለው። ዕድሜ ልኩን በባዶው መሬት የረገጠ እግር ነው፣ ሰፊ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ። አንዱን ሞከሩ፣ ሌላውን ሞከሩ፣ ወዴት ይግባ!

«ተዉት ጋሼ፣» አለ ዋለ፣ «እሱን ያውጡልኝ።»

«ያለ አንተ አልሄድም» አለ አንለይ።

«ሂድ ብዬሃለሁ!» ብሎ ጮኸበት፣ እና ጋሽ ኢድሪስና አንለይ ወጡ።

እኔስ ምን ላድርግ? ኮቱን አስወልቄ ዋለን የስፌት መኪናዬ ጋ አስቀመጥሁት፣ እግሩን በጨርቅ ጋረድሁለት፣ «ፔዳሉን ዝም ብለህ እርገጥ» አልሁት። ወዲያው አንድ አስር አለቃ ገባ።

«ይሄ ማነው?»

«ሰፊ ነው፣ ጌታዬ።»

አስር አለቃው የዋለን እጅ አየ። ማጭድ የበላው፣ የተሰነጣጠቀ እጅ። «መስፋት ከጀመርህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለው።

ዋለ ቀና ብሎ፣ «ዛሬ» አለው!

በቃ፣ እኔ ሞትሁ! ሰውየው ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም። እጁን እንደገና አየው፣ ረጅም አየው። ከደጅ፣ «አስር አለቃ! ሰው አለ?» ብለው ተጣሩ። ማንገቻው የተበጠሰ ኮሮጆውን የስፌት መኪናው ላይ አኖረና፣ «ይለማመድበት» አለኝ፤ ወደ ደጅ ደግሞ፣ «ሰፊዎች ብቻ ናቸው፣ ቀጥሉ!» አለ። በማግስቱ መጥቶ ኮሮጆውን ወሰደ። እንዲህ ያለም ነበረ።

ዳኑ ስል፣ ለካ ኮቱን የለበሰው ተይዟል! ጋሽ ኢድሪስ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ካድሬው ቆሟል። ሌላውን ሁሉ ትቶ ኮቱን አየ።

«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?»

«የእህቴ ልጅ፣ አስተማሪ ነው።»

«የት ነው የሚያስተምረው?»

ጋሽ ኢድሪስ «ገለጉ» ሲሉ፣ ልጁ በዚያው አፍታ «አብደራፊ» አይል መሰላችሁ! ካድሬው፣ «ከሱዳን የገባ የወንበዴ መልእክተኛ!» ብሎ ሁለቱንም አስያዘ። ወታደሮቹ ልጁን ለእኛ ስጠን ቢሉ፣ «የለም፣ ይህ የሚመረመር ነው» ብሎ ከለከላቸው። እና የአፈሳው መኪኖች ያለ አንለይ ሄዱ።

ክረምት እስኪገባ ታሰሩ። ዋለም ወንድሙን ትቶ የት ይሂድ? እኔ ግቢ ተሸሽጎ ከረመ፣ ስንቁን እኔ አደርሳለሁ። በኋላ አሠሪያቸው ከኮኪት መጥቶ፣ «ይህ የእኔ ሰሊጥ አጫጅ ነው፣ ምን መልእክተኛ ትላላችሁ?» ብሎ መሰከረና ተለቀቁ። ሱቁ ግን ተወርሷል። ያ የኢምፔሪያሊስት ልብስ የተባለው ሸሚዝ በስብሰባ ላይ ስንቱ ባለሥልጣን ደረት ላይ አየሁት!

እኔ እስካሁን አስባለሁ ልጆቼ። ያ ኮት ልጁን አዳነው ወይስ አሳሰረው? ባይለብሰው የአፈሳው መኪና ላይ ነበር። ብቻ ወንድማማቾቹ አብረው አገራቸው ገቡ። በዚያ ቀን የተጫኑት ግን፣ ኮትም ያላገኙ፣ የስፌት መኪናም ያላገኙ፣ እነሱ የማን ልጆች ነበሩ? ሲያልፉ አንዱ ወደ በረንዳዬ ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ በላይ ምን አደረግሁለት? ምንም።

ጋሽ ኢድሪስ ዳግም ሱቅ አልከፈቱም። አንድ ቀን ባዶው ዱካን ደጃፍ ተቀምጠን፣ «አይቆጭዎትም? ሱቅዎም ጠፋ፣ እርስዎም ታሰሩ፣ ያውም ለማያውቁት ልጅ» አልኋቸው።

«አበዛሽ፣» አሉኝ፣ «ያ ኮት ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ አላየሽም? አንድ መርፌ አያስነካም ነበር እኮ!»

ሃሃ!