የአባ ቆልፍ ክፍት በር

ዝናብ የማያገናኘው ሰው የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሳያስጠነቅቅ ሲዘረገፍ፣ አንድ ጡረተኛና አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ተጠለሉ። ሽማግሌው ቀና ብለው ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቆረ። ሰሞኑን ከማንም በላይ የሚጠረጥሩት እሷን ነበርና።

እኚህ ሰው በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ለረጅም ዘመን የመጋዘን ሹም ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ቆልፍ» ይላቸው ነበር። ማታ መጋዘኑን ዘግተው ሲወጡ ጓጉንቸሩን ሁለቴ ሳይነቀንቁ አይሄዱም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋ ተረት ከአፋቸው አትጠፋም። ባለቤታቸው ደግሞ «ድስት ሲከድን እንኳ ሁለቴ ይነካዋል» እያሉ ይስቁባቸዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ አንድ በር ሳይቆለፍ ቀረ። መድኃኒት ከመጋዘን እንዲወጣ የሚፈቅዱበት የኮምፒውተር አካውንታቸው ነው። «ይዘጋ» ለማለት የደፈረ አልነበረም፤ በትልቅ ሰው ፊት በር መዝጋት ነውር ይመስላላ! እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ቁጭ ብለው ይከፍቱታል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብለው ያዩና ልባቸው ሲረጋ ይወጣሉ። አንድም ነገር ነክተው አያውቁም። አሁን ግን ይህችው የድርጅቱ አዲስ የኮምፒውተር ባለሙያ የቀድሞ ሠራተኞችን አካውንት እያደነች ነው የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። «ይቺ ልጅ ስማችንን ልትፍቅ ነው የመጣችው» ብለው ቂም ቋጥረውባታል።

ልብስ ሰፊው የሽማግሌው የቆየ ወዳጅ ነበርና፣ «ኧረ ግቡ! እዚያ ቆማችሁ ስታንጠባጥቡ ሰው ልብስ አጥቤ ያሰጣሁ ይመስለዋል» ብሎ አስገባቸው። ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላበትን አግዳሚ ወንበር ጠራርጎ አስቀመጣቸውና ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ» አለች ልጅቷ።

«የምቀየመው ከሰማሁ በኋላ ነው። ጠይቂ።»

«ወደ መጋዘኑ ፕሮግራም አሁንም ይገባሉ?»

ወጥመድ ናት፣ አሉ አባ ቆልፍ በሆዳቸው። «ብገባስ? ለማየት ብቻ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ቤት በመስኮት ባይ ምን አጎደልኩ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እናንተ ግን ሳንሞት አጥራችንን ታፈርሳላችሁ።»

«ንቀት አይደለም፣ አባባ። እርስዎ ሹም ሳሉ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ መጀመሪያ ምን ይቀበሉት ነበር?»

«ቁልፉን ነዋ!»

«ጨዋ ሰው ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ! ጨዋ ሰው ቁልፍ አይጥልም? የጣለውን ሌባ አያገኘውም?» ካሉ በኋላ ልጅቷ ወዴት እየወሰደቻቸው እንደሆነ ገባቸውና ኮስተር አሉ። «የኔው ግን ሌላ ነው። የይለፍ ቃሌ እዚህ ነው ያለው» ብለው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «ከዚህ ማን ይሰርቀዋል?»

«ለማንም ነግረው አያውቁም?»

አባ ቆልፍ እጃቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የስፌት መኪናውም ድምፁን አጠፋ፤ ልብስ ሰፊው ጆሮውን ጥሏል።

«ለምክትሌ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ታምሜ ስተኛ ሆስፒታሎች መድኃኒት እየጠበቁ ነበር። ብከለክለው አላመነኝም ብሎ ይቀየመኛል፤ ምን ላድርግ?»

«እሱም ለመጋዘኑ ተረኛ ሠራተኛ ነግሯታል፤ እሷም ለጸሐፊው፤ ስጠይቃቸው አምነዋል። ሁሉም እንደ እርስዎ ምን ይሉኛል ብለው ነው።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን እንድነግርዎት አልተፈቀደልኝም። ባለፈው ወር የሕፃናት መድኃኒት ከመጋዘን ወጥቶ የገባበት ጠፍቷል። እንዲወጣ የተፈቀደው በእርስዎ አካውንት ነው። አለቆቹ ነገ ይሰበሰባሉ፤ ጉዳዩን ለፖሊስ ሊሰጡት አስበዋል።»

የሽማግሌው አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው አገልግሎታቸው፣ ልጆቻቸው በኩራት የሚጠሩት ስማቸው፣ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጭቃ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ የመጣባቸው ቁጣ ነበር።

«የሁሉም በር ቁልፍ በእጅሽ ያለ አንቺ አይደለሽም? አንቺው ብትሆኚስ?»

«መጠርጠርዎ ትክክል ነው። እኔም ተጠይቄያለሁ። ነገር ግን የሠራሁት ሁሉ በራሴ ስም ብቻ ስላለ ተመርምሮ ነጻ ወጣሁ። የእርስዎን መመርመር አልተቻለም። አራት ሰው አንድ ስም ለብሶ ሲገባ ኮምፒውተሩ የሚያየው እርስዎን ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና፣ እዚህ እስክቀመጥ ድረስ የምጠረጥረው እርስዎን ነበር።»

«መድኃኒቱ የወጣው መቼ ነው?»

«የወሩ የመጨረሻ ሰኞ።»

«ሰኞ? የዓይኔ ሞራ የተገፈፈልኝ ቀን ነው!»

ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ተነሣ። «እኔ ነኝ ደግፌ ያመጣኋቸው! አንዱ ዓይናቸው ታሽጎ፣ ሌላውን ሞራ ጋርዶት፣ ማንኪያ እንኳ በሰው እጅ ነበር። የት አይተው ነው ኮምፒውተር የሚነኩት? ለአለቆችሽም እመሰክራለሁ።»

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። አባ ቆልፍ ግን ደስ አላላቸውም።

«ዓይኔ ደህና ቢሆን ኖሮስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቴ ቁጭ ብዬ እንደ ልማዴ ከፍቼው ቢሆንስ? ስሜን ያዳነው መታወሬ ነው ማለት ነው።»

 ሰው እልኩን የሚተወው ምክር ሲበዛበት ሳይሆን የጥፋቱን ዋጋ በራሱ አፍ ሲናገረው ነው።

«ብትዘጊው የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል?» ሲሉ ጠየቁ። ከመጀመሪያው ሲያስፈራቸው የኖረው ይኸው ነበር።

«አንዲትም አትጠፋም፣ አባባ። የፈቀዱት ሁሉ በስምዎ ይኖራል። የሚቆመው ሌላ ሰው በስምዎ አዲስ ነገር መሥራቱ ነው። ጥፋቱም የእርስዎ ብቻ አይደለም። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሲያሰናብትዎት የመጋዘኑ ፕሮግራም አልሰማም፤ ሁለቱ አይነጋገሩም። እንዲህ ከባለቤቱ ተለይቶ የቀረ አካውንት ሞልቷል። የለቀቀ፣ የተዛወረ፣ የሞተ ሰው አካውንት ሳይቀር ክፍት ነው። ሁለቱን ካገናኘናቸው፣ ሰው በተሰናበተ ቀን በሩም ይዘጋል።»

«ምክሩ የሚፈለግ ሽማግሌስ?»

«የራሱ መግቢያ ይሰጠዋል፤ የሚያይበት እንጂ የሚፈቅድበት አይደለም። የታመመ ሰው ተተኪም በራሱ ስም ይገባል።»

«ማለት» አለ ልብስ ሰፊው፣ «የሄደ ሰው ኮቱን መስቀያው ላይ ትቶ አይሂድ ነው። ያገኘ ሁሉ ለብሶት ይወጣላ!»

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው መሰከረ፤ የዓይን ሐኪሙም አረጋገጠ። አለቆቹ አባ ቆልፍን ይቅርታ ጠየቁ። መድኃኒቱን የወሰደው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከምክትሉ፣ ከተረኛዋና ከጸሐፊው አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። አባ ቆልፍ እንደ ልጆቻቸው ያሳደጓቸውን ሦስቱንም መንገድ ላይ ሲያገኙ ከሰላምታው በፊት ዓይን ዓይናቸውን ያያሉ። ሁለቱ ንጹሐን ናቸው፤ እነሱም ያንን አስተያየት ችለው ይኖራሉ። ይሉኝታ ያተረፈላቸው ይህን ነው።

አካውንቱ የተዘጋ ዕለት ሽማግሌው ራሳቸው ቢሮ መጡ። ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ባልደረቦቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ «የእናንተንም አስዘጉ» ሲሉ የከረሙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ በራሱ ስም ይገባል፤ ያጠፋ ይታወቃል፣ ያላጠፋም ተረጋግቶ ይተኛል።

ያን ዕለት ግን ልጅቷ «ተዘግቷል፣ አባባ» ስትላቸው አላመኗትም።

«እስቲ ዞር በይልኝ» አሉና ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። የይለፍ ቃላቸውን ቀስ ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ አላስገባም አለ። ደግመው ጻፉ፤ አሁንም እምቢ አላቸው።

አባ ቆልፍ መነጽራቸውን አውልቀው አዲሷን ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አሁን ተቆልፏል» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።