የሟች ወገን

እሁድ ከሰዓት ቦንጋ እቤታችን የጎራዴ ፊልም እያየን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሰው ማስታረቅ የማይሰለቻቸው ጎረቤታችን ጋሽ አደሎ። ጀግናው የአባቱን ገዳይ አንበርክኮ ጎራዴውን ሲያነሳ መብራት ድርግም!

«እሰይ! ደም ሳይፈስ ደረስን» አሉ ጋሽ አደሎ። «መብራት እስኪመጣ እናስታርቃቸው፤ አንተ የሟች ወገን፣ እሷ የገዳይ ወገን ሁኑ።» ባለቤቴ በድንጋይ ፋንታ የሶፋ ትራስ በማጅራቷ ተሸክማ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔም ሞቅ ብሎኝ «የአባቴ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ሊቀር ነው?» ብዬ ፎከርኩ። ጋሽ አደሎ ለምነውም ተቆጥተውም በስንት መከራ «ይቅር ለእግዜር» አስባሉኝ። መርቀውን «አሜን» እንዳልን መብራት መጣ። ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለና ጀግናው የገዳዩን አንገት ቀላው!

በሳቅ ልፈነዳ ስል ጋሽ አደሎ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ጀግናውን ዞር ብለውም አላዩት፤ ያፈጠጡት እኔ ላይ ነው።

«አንተ ቃለ አባይ! አሁን ይቅር ብያለሁ አላልክም?»