የገንዳው ምረቃ

(የአገዳ ገበሬዎች ማኅበር ባቋቋመው የኢታኖል ፋብሪካ አዲሱ ማሽን በሚመረቅበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፤ ሊቀመንበሩ አቶ አንማው በፋብሪካው ጥንስስ ጠባቂ በጎረቤቱ በወይዘሮ ፈንታነሽ አጥር በር ላይ ቆሟል።)

አንማው፦ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የምልሽ! አጠጥቼ እመልስልሻለሁ።

ፈንታነሽ፦ ላሜን አልሰጥም አልኩህ እኮ፣ አያ አንማው።

አንማው፦ እንደ እሷ ያማረች በቀበሌው የለችማ! የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተዋል። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሪባኑ ይቆረጣል፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ከብቱ ከገንዳው አተላ ይጠጣል፣ እኔ ንግግር አደርጋለሁ።

ፈንታነሽ፦ ንግግርህን እኛ እንሰማለን። ላሜን ለምን ትቀጣታለህ?

አንማው፦ ቀልዱን ተይው፣ እታለም። ስንት ዘመን አልኮሉን እየሸጥን አተላውን ቦይ ውስጥ ደፋን? ኢንጂነሩ እንኳ አዲሱን ማሽን ሲተክል ለአተላው ቧንቧ አልሳለም። ከማሽኑ መውጫ ላይ አስቀጥዬ ገንዳው ድረስ ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ!

ፈንታነሽ፦ አዎ፣ አንተ ነህ። የኔም ነገር እሱ ላይ ነው።

አንማው፦ ምን ለማለት ነው?

ፈንታነሽ፦ ድሮ የጥንስሱን ጋን በምን ነበር የምናጥበው?

አንማው፦ በፍል ውሃና በመጥረጊያ፤ ወገባችሁ እስኪቆረጥ።

ፈንታነሽ፦ አሁንስ?

አንማው፦ አሁንማ ዘመናዊ ሆንን! ማሽኑ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱን ያጥባል።

ፈንታነሽ፦ በኮስቲክ ሶዳ ነው የሚያጥበው፤ ሳሙና በምንሠራበት። በየቀኑ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እጣቢው በየት በኩል ይወጣል?

አንማው፦ ...በመውጫው ነዋ።

ፈንታነሽ፦ አንተ ባስቀጠልከው። ትናንት ቧንቧው ሲሞከር፣ ከእጥበቱ በኋላ ቁራጭ የበሬ ቆዳ ገንዳው ውስጥ ጣልኩ። ተመልሼ ሳየው ጠጉሩ ተመልጦ ተንሳፏል፤ ቆዳው በእንጨት ሲነኩት እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ይኸው ከዚያ ወዲህ እህል አፌ አልገባም።

አንማው፦ ኤጭ! አሁን እኮ ነው ምሳ የበላሁት።

ፈንታነሽ፦ የላሜን ምላስ አስበው እስቲ።

አንማው፦ አታጋንኚው። ሶዳዋ ጥቂት ናት፣ አተላው ያቀጥናታል።

ፈንታነሽ፦ ያቀጥናታል? ማን አለህ?

አንማው፦ ማንም። ገመትኩ።

ፈንታነሽ፦ ዛሬ በማለዳ ሁለቱን ጊደሮችህን በድልድዩ አሻግረህ አማቶችህ ዘንድ የሰደድካቸውስ ምን ገምተህ ነው?

አንማው፦ ሣር ፍለጋ ነዋ።

ፈንታነሽ፦ በመስከረም? ደጃፍህን ሣር ውጦት?

አንማው፦ ...እሺ። ሶዳው ከብት እንደሚያቃጥል የማሽኑ ባለሙያ በስልክ ነግሮኛል። የእጥበቱን ሰዓት የሚቀይረው የሚስጥር ቁጥር እሱ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተማ ገብቶ ስልኩን ዘግቷል። ምን ላድርግ ታዲያ?

ፈንታነሽ፦ ቧንቧህን ቁረጠዋ! መጋዝ አጣህ?

አንማው፦ የመረጡኝ እኮ በዚያ ቧንቧ ነው! ስብሰባው በጭብጨባ ያጸደቀውን እንግዳ ፊት ልቁረጠው? «የአባላት አተላ ለአባላት ከብት» የሚል ጨርቅ አሰቅዬ?

ፈንታነሽ፦ ገንዳውን ዙሪያውን ቄጠማ ጎዝጉዘህበታል ደግሞ። ሽታው እንዲሸፈን?

አንማው፦ አንዴ ጎንጨት ቢያደርጉ አይሞቱም። ካሜራው እንደዞረ ከገንዳው እናርቃቸዋለን።

ፈንታነሽ፦ ቱ! የራስህን አሽሽተህ የእኛን ጉሮሮ ልታስልጥ! ሰው እንዴት ጎረቤቱ ፊት ቆሞ እንዲህ ያወራል? እኔ ሞኟ ደግሞ «ሳያውቅ ነው፣ ቢያውቅማ አያደርገውም» እያልኩ ስከራከርልህ አረፈድኩ።

አንማው፦ ቆይ፣ ቆይ... ማን ጋ ነው የተከራከርሽልኝ?

ፈንታነሽ፦ አባላቱ ጋ ነዋ። ከብቱን በየቤቱ አስረው እነሱ ገንዳው ዘንድ ተሰብስበዋል፤ መጀመሪያ ሊቀመንበራችን ይቅመስልን ብለው ጣሳ ይዘው እየጠበቁህ ነው።