ከአራት ካርቶን የተቆረጡ ኮዶች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እስከዳር አለበል
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የወይራ አምባ ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ባለሙያ
አድራሻ፦ ሮብ ገበያ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ተጠርጣሪ፦ ሹፌር አማረ ይታያል
ጉዳዩ፦ በመንገድ ጠፉ የተባሉ ሁለት ካርቶን የሚጥል በሽታ መድኃኒት

እኔ ምስክር በጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የቀረብኩት ሳልጠራ፣ በራሴ ፈቃድ ነው። ስለ ሁለቱ ካርቶኖች ስጠየቅ የተናገርኩት ውሸት ስለሆነ ላስተካክል መጥቻለሁ።

ከሰኔ ወር ጀምሮ አዲስ የመድኃኒት መከታተያ እየተሞከረ ይገኛል። ደብረ ማርቆስ ያለው ላኪ መጋዘን በራሱ ኮምፒውተር ይመዘግባል፣ እኛ ደግሞ በተሰጠን ስልክ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ እናነባለን። ሁለቱ የተለያዩ ሥርዓቶች ስለሆኑ መረጃ በትክክል ይለዋወጡ እንደሆነ ነው የሚሞከረው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። የእኛ ጤና ጣቢያ ግን ኔትወርክ የለውም፤ ለማግኘት ሃያ አምስት ደቂቃ ዳገት መውጣት ያስፈልጋል። በሥልጠናው ላይ ይህን ተናግሬ ይስተካከላል ስለተባልኩ ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ።

ሐምሌ 9 ቀን ሮብ፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ፣ አማረ አራት ካርቶን አመጣልኝ። አራቱንም ራሱ ተሸክሞ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያም እንደ ድሮው የመረካከቢያ ወረቀት እንድፈርምለት ጠየቀኝ። በሙከራው ጊዜ ወረቀት ቀርቷል፣ ስልኩ ይበቃል አልኩት። «እቴ፣ ስልኩ ቢክደኝ ማን አለኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በክረምት ካርቶን ተሸክሞ ዳገት መውጣት መድኃኒቱን ማበስበስ ነው። ስለዚህ ኮዱ ያለበትን ቦታ ከአራቱም በምላጭ ቆርጬ፣ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ሁለቱን እንዳነበብኩ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብኝና የቀሩት ሁለቱ እጄ ላይ ረጥበው ቀለማቸው ፈሰሰ። ስልኩ አልቀበልም አለ። በማግስቱ ለኃላፊዎች አሳውቃለሁ ብዬ ተመለስኩ፤ በማግስቱ አላሳወቅሁም። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐምሌ 14 ቀን ሰኞ የሚጥል በሽታ ሕሙማን ወርኃዊ ክትትል ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ ከጮቄ ሥር አራት ሰዓት በጭቃ የተጓዘም አለበት። በስልኩ የተመዘገቡት ሁለት ካርቶኖች ግን የሙከራው ቡድን መጥቶ እስኪያያቸው እንዳይከፈቱ ታዝዘን ነበር። ይህ መድኃኒት ሲቋረጥ ሰው እሳት ላይ ይወድቃል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያልተመዘገቡትን ሁለቱን ከፍቼ፣ ወንዙ እየሞላ ስለሆነ የሁለት የሁለት ወር ሰጠኋቸው፤ ሁለቱም ካርቶን አለቀ። ስልኩ ስለማያውቃቸው ወጪ ማድረግ አልቻልኩም፣ በየሕሙማኑ ካርድ ላይ ግን በእጄ ጽፌያለሁ። ባዶዎቹን ካርቶኖች የአብነት መምህሩ የኔታ ወልደ ሩፋኤል መጻሕፍታቸውን ከርጥበት ሊጠብቁባቸው ለምነውኝ ስለነበር ላክሁላቸው። በምላጭ የተቆረጠው ቀዳዳ አሁንም ስላለ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ሐምሌ 16 ቀን ቡድኑ መጣ። መጋዘኑ አራት ልኬያለሁ ይላል፣ የእኛ ስልክ ሁለት ተቀብያለሁ ይላል። ሥርዓቶቹ ተግባብተው ጉድለቱን በደቂቃ ውስጥ አገኙት ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ስንት ካርቶን እንደተረከብኩ ሲጠይቁኝ ስልኩ የሚለውን ነው ብዬ መለስኩ። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ያለ መዝገብ ማውጣቴ ቢታወቅ የሥራ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። በማግስቱ አማረ ተያዘ።

ሐምሌ 19 ቀን፣ የገብርኤል ዕለት፣ የአማረ ባለቤት ወ/ሮ የብርጓል መድኃኒት ክፍሉ ድረስ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ወረቀት ፈርሚልኝ ብያት ነበር ይላል፤ እውነት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኳት። ካላስታወስሽ ምን ይደረጋል ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሦስት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ለመርማሪው ለመናገር ጀምሬ፣ ለጉዳዩ አያስፈልግም ስለተባልኩ ትቼዋለሁ።

ቀለማቸው የፈሰሰውን ሁለት ኮዶችና የሠላሳ አንዱን ሕሙማን ካርድ ቁጥር ዝርዝር ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። በሥራ ፈቃዴ ላይ የሚመጣውን እቀበላለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጻፈው እኔ ያልኩት ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ ይህ እንዲጻፍልኝ አድርጌያለሁ፦ አማረ ወረቀት እንድፈርምለት ጠይቆኛል። አስታውሳለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እስከዳር አለበል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ውበቱ አካለ ወልድ፣ ፊርማ ______