ወንዙን የምትሻገረው ልጅቷ ናት

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከእኔና ከሁለቱ የልጅ ልጆቼ ፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ በስልኩ አጫጭር የካርቱን ክፍሎች ያያል። አጠገቡ የተቀመጠችውን ተማሪ አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ ይሄ ፊልም ውሸት ነው።»

«ካርቱን ምን እውነት አለው?»

«ከስልክ ጨዋታው እኮ ነው የተወሰደው። እዚያ ወንዙን ዋኝታ የምትሻገረው ልጅቷ ናት። እዚህ ግን ዳር ቆማ ታለቅሳለች፤ ወንዱ አዝሎ ያሻግራታል።»

«ታዲያ አንቺን ምን አንገበገበሽ?»

«ታናሽ ወንድሜ ይሄን ካየ ወዲህ ጨዋታውን ከለከለኝ። ‹የሴት ፋንታ ማልቀስ ነው› ይለኛል። ጨዋታውን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ለመሆኑ እሱ ወንዝ ይሻገራል?»

«እሱን አዝዬ ሮቢ ወንዝን የማሻግረው እኔ ነኝ።»

እኔም ይሄን ሰምቼ መስኮቱ ጋ የተቀመጠውን የልጅ ልጄን አስነስቼ፣ ጭኔ ላይ የነበረችውን እህቱን በቦታው አስቀመጥኳት።