የአባቴ «አዎ»

ይህን ለማንም፣ ለባሌም እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጣሊያን ሸዋ ሮቢት በነበረ ጊዜ፣ በአንድ ቃላቸው ሁለት መንደር የሚያስታርቁት አባቴ ታመሙ፤ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። «አዎ» የምትለዋ ቃል ብቻ ቀረቻቸው። ሲጠማቸውም ሲቆጡም «አዎ» ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን ባንዶች አርበኛውን ወንድሜን ፍለጋ ቤታችን መጡ። ወንድሜ ማሽላ ጎተራው ውስጥ ተደብቋል። አለቃቸው ጎተራውን እያየ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ልጅህ እዚያ ነው?» አላቸው።

«አዎ» አሉ አባቴ።

«ጌታዬ፣ ሕመም ነው፤ ለሁሉም አዎ ነው የሚሉት» አልሁ።

«ሴት መላ አታጣም» አለና ወደ ጎተራው ተራመደ።

ጨነቀኝ። «አባባ፣ እርስዎ ሴት ነዎት?» አልሁ ጮክ ብዬ።

«አዎ።»

«የጎረቤት በቅሎ ሰርቀዋል?»

«አዎ።»

ባንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይሄስ ለይቶለታል» አለ አለቃው፤ እየተሳሳቁ ሄዱ። ዞር ስል ግን የአባቴ ጉንጭ በእንባ ርሷል። ለካ የጠየቅኋቸው ሁሉ ይገባቸው ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት ፊታቸውን እያጠብሁ፣ «አባባ፣ ይቅር ይሉኛል?» አልኋቸው። «አዎ» አሉኝ። «ተቀይመውኛል?» ብዬ ለመጠየቅ ግን አልደፈርሁም።