ከፉርጎው ሥር

አውቶቡሱ አረብ አገር ካለው ከአል ኑዓይሚያ ሰፈር ሊነሳ ሲል ከኋላዬ የተቀመጡት ሽማግሌ ወለሉን በተረከዛቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ሙሽኪላ አለ እንዴ? ምን ችግር ገጠመዎት?» አለቻቸው አጠገባቸው ያለችው ልጅ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ልጄ። ድሬዳዋ የባቡር ፉርጎ እጠግን ነበር። ፉርጎው ከመገፋቱ በፊት እንመታዋለን፤ ሥሩ የገባ ሠራተኛ ካለ መልሶ ይመታል።»

«ወርክሾፑ አሁንም አለ?»

«ኸላስ፣ ተዘጋ። በተዘጋ ዕለት እንደ ልማዴ የቀረውን ፉርጎ መታሁት። ከሥሩ መልሶ መታልኝ።»

«ማን?»

«ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰው የለም።»

«በስመ አብ! ከዚያ ወዲህስ?»

«ዝም ነበር። እስከ ዛሬ።»

«ዛሬ ምን ሆነ?»

«ቅድም ስመታ ከሥር መለሰልኝ። ሹፌሩ ግን ነዳው።»

ሁለቱንም እግሮቼን ከወለሉ ላይ አነሳሁ።